መሮና ጭረት

ሜሪፖርት ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ቤቱ ጀርባ፣
ንፋስ በር ሲመታ፣ ካፊያ ሲገባ፣
ሂልዳ ብሬዝዌይት መሮዋን ትስላለች፣
ከሙታን ስም ቆርሳ ዳቦ ትበላለች።

ዋጋው ግድግዳው ላይ በኖራ ተጽፏል፤
ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ፓውንድ ይከፈላል።
ሥርዓተ ነጥብ ግን፣ ይላል ከታች በትንሹ፣
በነጻ።
ስለዚህ ማንም ስለሱ አይጠይቃት፤
በነጻ የተሰጠን ማን ይቈጥራል?

ማክሰኞ ዕለት መጣች የዊልፍ ሚስት፣ ኤዲት፣
ሰማንያ ሁለት ዓመት ያጎበጣት እመቤት፣
ልታየው፣ ልትዳስሰው የባሏን ድንጋይ
ሳይተከል በፊት ከኮረብታው ላይ።

ጣቷን በጽሑፉ እየነዳች አነበበች፤
የመጀመሪያው መስመር መኻል ላይ ቆመች።
መነጽሯን ጠረገች። ደገመች።
«አንቺ ሴት፣» አለቻት፣ «ባሌን አሰጠምሽው።»

ነገሩ እንዲህ ነው።
ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ጀልባ፣ የጥር ሌሊት፤
ማዕበሉ ሲገለብጣት ታናሽየው ቀረ፣
ዊልፍ በደረቱ እየተሳበ ወጣ ከአሸዋው ዳር።
ኤዲትም ያዘዘችው ይህንኑ ነበር፦
ባሕሩ ወንድሙን በወሰደ ጊዜ፣ ዊልፍ ቤቱ ገባ።

በእኛ አፍ ቢሆን አንዲት «ን» በበቃች፣
ከስሙ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ሟቹን በጠቆመች።
በነሱ ቋንቋ ግን ስም ራቁቱን ነው የሚቆም፤
ወሳጅ ይሁን ተወሳጅ መልኩ አይለወጥም።
«ወንድሙን» ያሉትና «ዊልፍ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣
መኻላቸው አጥር ከሌለ፣
አንድ ሰው ሆነው ይሰምጣሉ።

ጥገኛው ሐረግ ከፊት ሲመጣ፣ ዋናው ሲከተል፣
ደጃፉ ላይ ነጠላ ሰረዝ ትቆማለች፣
«የሱ ጉዳይ እዚህ አበቃ» የምትል።
ሂልዳ ይህን ከተማሪ ቤት ጀምሮ ታውቃለች፤
ያን ቀን ግን መንጋጋዋን አሟት ነበር፣ ረሳች።

ይቅርታ አላለችም፤ አፏ ለዚያ አልተፈጠረም።
ተንበረከከች፣ መሮውን አቀናች፣
ሁለቴ መታች።
ምስር የምታክል ጭረት፣ ጅራት ያላት።
ድንጋይ መጨመርን ይችላል፣ መቀነስን ነው እምቢ የሚል።
ዊልፍም ከስድሳ ዓመት በኋላ
ዳግመኛ ከውኃው ወጣ።

ሁለተኛው መስመር ደህና ነበር፦
ጀልባዋ ጠፋች፣ ግን ፋኖሱ አልጠፋም።
ሁለት ሙሉ ሐሳብ፣ ሁለቱም የየራሱ ጌታ፣
«ግን» አስታራቂ ሆኖ ሊያገናኝ ሲመጣ
ከፊቱ ጭረቷን አስቀድሞ።
ኤዲት አንገቷን ነቀነቀች፣ አለፈችው።

ሦስተኛው መስመር ላይ ዴክላን፣ ተለማማጁ፣
ነጻ ነገር ያገኘ ልጅ፣ መዶሻው በእጁ፣
«ምክንያቱም» ከሚለው ቃል ፊት ባዶ ቦታ አይቶ
«እዚህም ልጨምርላት?» አለ መሮ አንሥቶ።

አሮጊቷ አንጓውን ያዘችው፣ እንደ መልሕቅ ገመድ።
«እዚያ፣» አለች፣ «እንዳትሞክራት።»

ጭረቷ ብትገባ ድንጋዩ የሚለው
ባሕሩን አልተወም፣ ፈርቶ ነበርና።
ሳትገባ ስትቀር ግን ቃሉ ሌላ ነው፤
ባሕሩን የተወው ፈርቶ አይደለም።
ያው ቃል፣ ያው ፊደል፣ ያው ሦስት ሦስት ፓውንድ፤
ልዩነቱ የተቀመጠው ባልተቀረጸው ዘንድ።

ስድሳ ዓመት ሙሉ መጠጥ ቤቱ ሲያወራ፣
«ዊልፍ» ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ብርጭቆው ሲጣራ፣
ኤዲት መልሷን ስታጠራቅም ኖራ
እነሆ አሁን፣ በሰሌዳ ድንጋይ፣
አንዲት ጭረት ባለማስጨመር መለሰች።

ዴክላን መሮውን አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ።
«እና... ፈርቶ ካልሆነ፣ በምን ተወው?» አለ።
ኤዲት ሻርፗን አጠበቀች፣ በሩን ከፈተች፤
ካፊያው እስከ ድንጋዩ ድረስ ገባ።

«እሱን ለማስቀረጽ፣» አለች፣ «ገንዘቤ አይበቃም።»